ቢላው የተሳለ፣ ሣሩ የተቦጨቀ፦ የሣር ማጨጃ ቢላ ሲገጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ውስጥ ግቢ ያለው ቤት የገዛ ሰው፣ ብርዱ አልፎ ኤፕሪል ሲገባ ሣር ማጨድ ይጠብቀዋል። ማሽኑን ከጋራዥ ያወጣል። ቢላውን ፈትቶ፣ ስሎ መልሶ ይገጥማል። አጭዶ ሲጨርስ ግን የሣሩ ጫፍ ተበጣጥሷል፤ በማግስቱም ነጣ ብሎ ይታያል። «በደንብ አልተሳለም» ይልና እንደገና ፈትቶ ይስላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ግን ስለቱ ላይ ሳይሆን አገጣጠሙ ላይ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት የካንዴላውን (ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን ዕቃ) ገመድ ሳይነቅሉ እጅ ማስገባት ነው። ከ1982 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ እየተገፉ የሚያጭዱ ማሽኖች፣ መያዣው ከተለቀቀ በ3 ሰከንድ ውስጥ ቢላቸው እንዲቆም ሕግ ያስገድዳል። ይህ ግን የሚጠቅመው ሲያጭዱ እንጂ ቢላ ሲፈቱ አይደለም። ቢላውን በእጅ ሲያዞሩ የሞተሩን ፒስተን አብረው እያንቀሳቀሱት ነው። ያኔ ሞተሩ አንድ ጊዜ ቢተኩስ ጣት ይወስዳል። ስለዚህ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ገመዱ ይነቀል፣ ተመልሶ ካንዴላውን እንዳይነካም ራቅ ተደርጎ ይቀመጥ። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ባትሪውን ያውጡ። እባክዎ ይህቺን አይዝለሏት፤ ወፍራም ጓንትም ያድርጉ።

ማሽኑን የሚያጋድሉበት ጎንም ለውጥ አለው። የአየር ማጣሪያው ወደ ላይ ይሁን። በተቃራኒው ካጋደሉት ዘይቱ ማጣሪያው ውስጥ ይገባና በሚቀጥለው ጊዜ ሲያስነሱት ግቢው በጭስ ይሞላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ ቢላውን ገልብጦ መግጠም። ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ የሚያሳስትም ምክንያት አለው። ቢላው በሁለቱም ጫፎቹ ላይ ከስለቱ በስተጀርባ ቀና ያለ ክንፍ አለው። ክንፉ ማየት ያለበት ወደ ማሽኑ ሆድ፣ ማለትም ቢላውን ከላይ ወደሸፈነው ክዳን እንጂ ወደ መሬት አይደለም። ሲሽከረከር አየር እየሳበ የተኛውን ሣር ቀጥ የሚያደርገው፣ የታጨደውንም ወደ ከረጢቱ የሚገፋው እሱ ነው። ተገልብጦ ከተገጠመ ይህ ሁሉ ይቀራል። ከዚያ በላይ ደግሞ ስለቱ ወደ ኋላ ይዞርና ደንዳናው ጠርዝ ቀድሞ ሣሩን ይመታል። ያኔ ማሽኑ ሣር ይደበድባል እንጂ አያጭድም። የፈለጉትን ያህል ቢስሉት ለውጥ የለውም።

ብዙ ቢላዎች ላይ በእንግሊዝኛ «ዚስ ሳይድ ዳውን» ወይም «ግራስ ሳይድ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል። ትርጉሙ ይህ ፊት ወደ ሣሩ ይሁን ማለት ነው። ነገር ግን ሲገጥሙ ማሽኑ በጎኑ ተጋድሟል፤ «ታች» የቱ እንደሆነ ያኔ ይምታታል። መፍትሔው ቀላል ነው። ማሽኑ ተጋድሞ እርስዎ ሆዱን እያዩ ሳለ ጽሑፉ ወደ እርስዎ ይታይ። ጽሑፉ በዝገት ከጠፋ ክንፉን ይከተሉ። ከመፍታትዎ በፊት ደግሞ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ከቡሎኑ ሥር የሚገባው ቀለበት፣ ሮንዴላው፣ በየትኛው ፊቱ እንደነበረም ፎቶው ያስታውስዎታል፤ አንዳንዱ ሮንዴላ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ተገልብጦ ከገባ ቡሎኑን አጥብቆ አይዝም።

ሌላው ስህተት ቢላው በቦታው ሳይቀመጥ ቡሎኑን ማጥበቅ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ዘንግ ጫፍ ላይ ቢላውን የሚሸከም ቁራጭ ብረት አለ። በአንዳንዱ ማሽን ሁለት ትናንሽ ጉጦች አሉት፤ እነሱ ቢላው ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ውስጥ መግባት አለባቸው። በሌላው ደግሞ የቢላው መሃል ቀዳዳ የኮከብ ቅርጽ አለውና ብረቱ ላይ ካለው ኮከብ ጋር መግጠም አለበት። እዚያ ቦታ ላይ የደረቀ ሣርና ጭቃ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ያገኙታል። በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪታይ ያጽዱት። ካልጸዳ ቢላው ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ቡሎኑ የጠበቀ ይመስልዎታል፤ ግን ቢላው የተቀመጠው ቆሻሻው ላይ ነው። ሥራ ሲጀምር ቆሻሻው ይደቅና ቡሎኑ ይላላል።

ማጥበቂያው ራሱስ? በግምት አይሁን። እየተገፉ በሚያጭዱት ላይ ብዙ ጊዜ ከ35 እስከ 50 ፉት ፓውንድ አካባቢ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ግን የማሽኑ መመሪያ ላይ አለ። ቶርክ ሬንች የሚባለውን፣ ኃይል እየለካ የሚያጠብቀውን ቁልፍ ይጠቀሙ። ቢላው እንዳይዞር በእንጨት ቁራጭ ይደግፉት፤ በእግር አይርገጡት።

የተሳለ ቢላ ሚዛኑን ካጣም ይንቀጠቀጣል። ግድግዳ ላይ ምስማር ይምቱና በመሃል ቀዳዳው ይስቀሉት። አንዱ ወገን ወደ ታች ካዘነበለ፣ ከዚያ ወገን በሞረድ ትንሽ ይቀንሱለት። ስለቱም እንደ ጢም ምላጭ መሆን የለበትም፤ ከመጠን በላይ የሳሳ ጠርዝ የመጀመሪያው ጠጠር ላይ ይታጠፋል።

የተጣመመ ቢላ ደግሞ በዓይን ብቻ አይታወቅም። ከማሽኑ ሆድ ጠርዝ ላይ አንድ ነጥብ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። የቢላውን አንድ ጫፍ እዚያ ያምጡና በመሃላቸው ያለውን ከፍታ ይለኩ። ከዚያ ግማሽ ዙር አዙረው ሌላውን ጫፍ እዚያው ነጥብ ላይ ይለኩ። ልዩነቱ ከ1/8 ኢንች፣ ማለትም ከ3 ሚሊሜትር ገደማ ከበለጠ ጠማማ ነገር አለ። ቢላው ነው ወይስ ዘንጉ? አዲስ ቢላ ገጥመው እንደገና ይለኩ። ልዩነቱ ከጠፋ ጥፋቱ የአሮጌው ቢላ ነበር። ካልጠፋ ዘንጉ ተጣሟልና ወደ ባለሙያ ይውሰዱት።

የተጣመመ ቢላ በመዶሻ ማቃናት የሚወዱ ሰዎች አሉ። አጥብቄ የምለምነው ይህን እንዲተዉ ነው። በአሜሪካ የደህንነት ደረጃ ለቢላ ጫፍ የተፈቀደው የፍጥነት ጣሪያ በደቂቃ 19,000 ጫማ ነው፤ ይህም በሰዓት ወደ 215 ማይል ይጠጋል። መዶሻ የተሰነጠቀ ብረት ትቶ ይሄዳል። በዚያ ፍጥነት የሚወረወር ስባሪ ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ማሰብ ይከብዳል። አዲስ ቢላ ይግዙ።

ተቀምጠው የሚነዱት ማሽን ካለዎት አንድ ጣጣ ይጨመራል። ሣሩ ላይ ደረጃ የመሰለ መስመር ሲታይ ሰው ቢላ ይቀይራል፤ ሆዱ አንድ ወገን መዝመሙን ግን አያይም። መጀመሪያ የጎማውን ንፋስ ይለኩ። አንዱ ጎማ ከጎደለ ሌላው ልኬት ሁሉ ውሸት ነው። ማሽኑን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁመው ቢላዎቹን ወደ ጎን ያዙሩና ከውጭኛው ጫፍ እስከ መሬት በግራም በቀኝም ይለኩ። ልዩነቱ ከ1/8 ኢንች መብለጥ የለበትም። ከዚያ ቢላዎቹን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያዙሩ። በብዙ ማሽኖች የፊቱ ጫፍ ከኋላው ከ1/8 እስከ 1/4 ኢንች ዝቅ ማለት አለበት። ፊቱ ከፍ ካለ የፊቱ ጫፍ ያጨደውን የኋላው ደግሞ ያጭደዋል፤ ሞተሩም በከንቱ ይደክማል።

ሲለኩ ከቢላው ጫፍ ይነሱ እንጂ ከሆዱ ጠርዝ አይነሱ። ጠርዙ በድንጋይና በዛፍ ሥር ተመትቶ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ የሚያጭደውም ቢላው ነው። ሁለት ወይም ሦስት ቢላ ባላቸው ማሽኖች ላይ አንዱን ብቻ አይቀይሩ፤ ያረጀውና አዲሱ እኩል አያጭዱም። ቢላዎቹን የሚያዞረው ቺንግያ ጥርስ ያለው ከሆነ ደግሞ ቢላዎቹ አንዱ ለሌላው ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርተው እንዲገጠሙ መመሪያው ያዝዛል። እንደነገሩ ከተገጠሙ ሲዞሩ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ገጥመው ሲጨርሱ፣ ገመዱን ከመመለስዎ በፊት ቢላዎቹን በእጅዎ ቀስ ብለው ሙሉ ዙር ያዙሯቸውና የሚነካካ ነገር አለመኖሩን ይዩ።