ባለብዙ ተራኪ ፋንታሲ ስታነቡ እነዚህን አታድርጉ

የእሳትና የውሃ ማጂክ ያለበት፣ አራት አምስት ሰው እየተፈራረቀ የሚተርከው፣ ለጸሐፊው ደግሞ የመጀመሪያው የሆነ ፋንታሲ እጃችን ሲገባ ጣና ሐይቅ ዳር ቡና ይዘን የምንጨቃጨቀው ነገር ሁሌ አንድ አይነት ነው። «አይረባም» ከሚለው ሰው መሃል ብዙው መጽሐፉን ያበላሸው ራሱ ነው፣ በአነባበቡ።

ከሁሉም የከፋው የማትወዱትን ተራኪ መዝለል ነው። ቻፕተሩ አናት ላይ የተራኪው ስም ይጻፋል አይደል፣ የምትወዷት ልጅ ስም ካልሆነ እጃችሁ ራሱ ወደታች መሳብ ይጀምራል፣ በተለይ ከቴሌግራም ያወረዳችሁትን ፒዲኤፍ በስልክ ስታነቡ። እንበልና ምዕራፍ 3 ላይ እሳት ያላት ልጅ «ጀልባውን ሳላስበው ነው ያቃጠልኩት» ብላ እያለቀሰች ትነግራችኋለች፣ አንጀታችሁን ትበላዋለች። ምዕራፍ 7 ላይ ያ ነጭናጫ ወንድሟ ስለ ዓሣ መረብ ሁለት ገጽ ሙሉ ሲያወራ ይቆይና በመሃል በአንዲት ዓረፍተ ነገር፣ እሳቱ ሳይነሳ በፊት እህቱ እሳት ስትጠራ እንደምታደርገው መዳፏን ስታፋትግ እንዳያት ጣል አድርጎ ያልፋል። አለቀ፣ ልጅቷ ዋሽታችኋለች። ምዕራፍ 7ን የዘለለ ሰው መጨረሻው ላይ «ይሄ ክህደት ከየት መጣ፣ ጸሐፊው ዝም ብሎ ነው ያመጣው» ይላል። እኔ እንደ ሽምግልና ነው የማየው፣ አንዱን ወገን ብቻ ሰምታችሁ አትፈርዱም፣ እያንዳንዱ ተራኪ ያየውን ነው የሚናገረው፣ የደበቀውም አለ፣ ያልገባውም አለ።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ገና ከምዕራፍ 1 «አክተሩ ማነው» ማለት ነው። ፊልም ለምዶብን ነው፣ አክተር አይሞትም ብለን ስለምናምን የመጀመሪያው ተራኪ ላይ ልባችንን እንጥላለን፣ እሱ 100ኛው ገጽ ላይ ሲሞት ስልኩን ወርውረን እንነሳለን። እንዲህ አይነት መጽሐፍ ውስጥ አንድ አክተር ላይኖር ይችላል፣ ተረጋጉ።

ማጂኩ ላይ ደግሞ የኛ ሰው የራሱ ችግር አለው። ሰንበት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው እሳት፣ ውሃ፣ ነፋስ፣ መሬት ሲባል ወዲያው አራቱ ባሕርያተ ሥጋ ይመጡበትና ጸሐፊው ስለነሱ የሚያወራ ይመስለዋል። የፈረንጆቹ 4 ግን የመጣው ከግሪኩ ኤምፔዶክለስ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኖረው ፈላስፋ፣ ቻይናዎቹ ጋ ደግሞ 5 ናቸው፣ እንጨትና ብረት ይገባሉ ነፋስ የለም። አቆጣጠሩ እንኳ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ስለዚህ «እሳትን ውሃ ያጠፋዋል» ብላችሁ የውጊያውን ውጤት ቀድማችሁ አታውጁ። መያዝ ያለባችሁ ሌላ ነገር ነው፦ ጉልበቱ ከየት ይመጣል፣ ምን ያስከፍላል፣ የት ጋ ያልቃል? ውሃ የምታዘው ልጅ ውሃውን ከባዶ ትፈጥራለች ወይስ ያለውን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው? ያለውን ብቻ ከሆነ ጣና ዳር ብትቆም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ውሃ በእጇ ነው፣ ዳሎል ብትወርድ ግን ንጹህ ውሃ ኮዳዋ ውስጥ ያለችው ብቻ፣ እና ጎበዝ ጸሐፊ መጨረሻ ላይ ዳሎል ነው የሚወስዳት። (ነፋስ ማዘዝ ቀላል ማጂክ ነው የምትሉ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ከዘጌ በጀልባ ተመልሳችሁ አታውቁም ማለት ነው።)

ስሙንና ካርታውን መጀመሪያ ላይ ልሸምድድ ማለትም አይሰራም፣ ደብተር ላይ ስም፣ ከማን ወገን እንደሆነ፣ የትኛውን ማጂክ እንደሚያዝ ብቻ ጻፉና እለፉ። ጊዜውን ግን ቼክ አድርጉ፣ ሁሉም ቻፕተር ካለፈው የቀጠለ አይደለም፣ አንዳንዱ ከሳምንት በፊት የሆነውን በሌላ ሰው ዓይን ነው የሚደግመው።

የመጀመሪያ መጽሐፉ ስለሆነ ሁለት አይነት ስህተት አለ። አንዱ ሃያ ዓመት ከጻፈ ሰው ጋር እያወዳደሩ 30ኛው ገጽ ላይ መተው ነው፣ አዲስ ጸሐፊ የፈጠረውን ዓለም በሙሉ መጀመሪያው ላይ ሊያስረዳ ስለሚቸኩል መግቢያው ከባድ ነው፣ እሱን ቻሉት። ሌላው «ጀማሪ ነው» እያሉ ሁሉንም ይቅር ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። እኔ መጽሐፉ ሲጋመስ የምሞክራት ነገር አለች፣ ቻፕተሩ አናት ላይ ያለውን ስም በአውራ ጣቴ እሸፍንና አንድ አንቀጽ አነባለሁ፣ ማን እያወራ እንደሆነ ካልለየሁ፣ ዓሣ አስጋሪውም ልዕልቷም አንድ አይነት አፍ ካላቸው፣ ጸሐፊው ስም ነው የቀየረው እንጂ ሰው አልቀየረም።

የአንዱን ካራክተር ስም ለማጣራት ብላችሁ ኢንተርኔት ላይ አትፈልጉ፣ መሞቱን ነው መጀመሪያ የሚያወጣላችሁ። እና ተከታታይ ከሆነ ሁለተኛው ክፍል መውጣቱን ሳታዩ አትጀምሩ፣ እንደዚህ አይነት መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ሁሉንም ተራኪ አንጠልጥሎ ነው የሚያልቀው፣ ካልወጣና እናነባለን ካላችሁ ደብተራችሁን አትጣሉት፣ ቀጣዩ እስኪመጣ የማን እህት ማን እንደነበረች አንዱም አይታወሳችሁም።