ኮዱን ለማንም አታንብቡ፣ መርዶም በፌስቡክ አትንገሩ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ የሞባይል ጥገና ሱቅ አለችኝ። ስክሪን እቀይራለሁ፣ ካርድ እሸጣለሁ፣ የቴሌብር ወኪልም ነኝ። ከመንዝም፣ ከጣርማበርም፣ ከአንኮበርም ሰው ይመጣል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር "ገንዘብ በስልክ?" ብሎ የሚገረመው ብዙ ነበር። አሁን የበግ ዋጋም፣ የእቁብ ብርም፣ የልጅ የቤት ኪራይም በስልክ ነው የሚሄደው። እና ሱቄ ድረስ ከሚመጣው ሰው ስንቱ ስልኩ ሳይበላሽ ብሩ ብቻ ጠፍቶበት ነው የሚመጣው! ሰሞኑን በአንድ ሳምንት ሦስት እናቶች በአንድ ዓይነት መንገድ ተታልለው መጡ። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የመጣላችሁን ኮድ ለደወለ ሰው ማንበብ

አካሄዱ ሁሌም አንድ ነው። "እማማ እንደምን አደሩ፣ ከቴሌ ነው የምንደውለው፣ ሽልማት ደርሶዎታል።" ልጁ ሰው አክባሪ ነው፣ አይቸኩልም፣ ስለ ጤናቸው ሁሉ ይጠይቃል። ከዚያ "አሁን ስልክዎ ላይ ስድስት ቁጥር ይገባል፣ እሱን ብቻ ያንብቡልኝ" ይላል። ያነቡለታል። በቃ። ያ ቁጥር የእሳቸውን አካውንት በእሱ ስልክ ላይ የሚከፍት ቁልፍ ነበር።

ከሦስቱ አንዷ ለፋሲካ በግ ሸጠው ያስቀመጧት ብር ነች የሄደችባቸው። "ለምን አነበቡለት እማማ?" አልኳቸው። "ልጄ፣ በጨዋ ደንብ እኮ ነው የጠየቀኝ፣ እንዴት ብዬ እምቢ ልበለው?" አሉኝ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሌባው የሚገባው በይሉኝታችን በኩል ነው። አክብሮ ለጠየቀ ሰው ፊት መንሳት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው፣ እሱም ይህንን አሳምሮ ያውቃል። እባካችሁ፣ ኮድ ለሚጠይቅ ሰው ስልክ ጆሮው ላይ መዝጋት ነውር የለውም። ቴሌም ሆነ ባንክ ደውሎ ኮድ ወይም የሚስጥር ቁጥር አይጠይቃችሁም። ከተጠራጠራችሁ ዝጉና እናንተው ወደ 127 ደውሉ።

አንዳንዱ ደግሞ ኮድም አይጠይቅም። "ኔትወርክዎን ላስተካክልልዎ፣ *21* ብለው ይህንን ቁጥር ያስገቡና ይደውሉ" ይላል። ይሄ ጥሪያችሁን ሁሉ ወደ እሱ ስልክ የሚያዞር ትእዛዝ ነው፤ ዘመድ ሲደውልላችሁ የሚያነሳው እሱ ይሆናል። ተሳስታችሁ ካደረጋችሁት ##002# ብላችሁ ደውሉ፣ ይሰረዛል።

ከአዲስ አበባና ከዓረብ አገር ለእናታችሁ ስማርት ስልክ የምትልኩ ልጆች፣ መላኩ ብቻ አይበቃም። እስቲ ለእንቁጣጣሽ ስትመጡ አንድ ከሰዓት አጠገባቸው ተቀመጡና ይህንን አስረዷቸው።

የሚስጥር ቁጥርን ሰው መሀል መናገር

ወረፋው ሞልቶ ደንበኛው ስልኩን ይሰጠኝና የሚስጥር ቁጥሩን ጮክ ብሎ እየነገረኝ "አንተው አስገባው" ይለኛል። ራስዎ ያስገቡ ስለው "አንተን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?" ብሎ ይቀየመኛል። እኔን እመኑኝ፣ ከኋላችሁ የቆመውን ግን አታውቁትም። ቁጥሩንም ቀይሩት።

ስክሪንሾትን እንደ ብር መቁጠር

ከመንዝ ሁለት ባና ይዞ የመጣ ሰው ነበር። ገዢው ስልኩን አውጥቶ "ይኸው ልኬልሃለሁ" ብሎ የክፍያ ደረሰኝ ፎቶ አሳየው። ሰውየው ባናውን አስረከበና የመጣለትን ብር ሊያወጣ እኔ ጋ መጣ። ምንም የገባ የለም። በብርድ ለሊት ተነስቶ የመጣ ሰው ነው፣ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። የሌላ ሰው ስልክ ላይ ያያችሁት ነገር ማስረጃ አይሆንም። የቴሌብር መልእክት ወደ እናንተ ስልክ ከ127 ነው የሚመጣው፤ በ09 ከሚጀምር ቁጥር "ብር ገብቶልዎታል" የሚል መልእክት ከመጣ ውሸት ነው። ኢንተርኔት ባይኖርም *127# ላይ ገብታችሁ ቀሪ ሂሳባችሁን ማየት ትችላላችሁ። ገዢው ቢቸኩልም ይጠብቅ።

ሲም በሰው ስም ማውጣት፣ ፋይዳ በሰው ስልክ መመዝገብ

ሲሙ የወንድምህ ልጅ ስም ላይ ነው እንበል። ስልኩ ሲጠፋ ሲሙን የሚያስወጣው እሱ ነው፣ እሱ ደግሞ ሐዋሳ ነው ያለው። የፋይዳ መታወቂያም እንደዚያው ነው፤ ማረጋገጫው ኮድ የሚሄደው በተመዘገበው ስልክ ስለሆነ የራሳችሁን ቁጥር አስመዝግቡ።

በብርድ የጠፋን ባትሪ አሮጌ ነው ብሎ መጣል

በኅዳር ውርጭ ጠዋት ሃያ ፐርሰንት ላይ ያለ ስልክ ድርግም ሊል ይችላል። ከጋቢው ስር አድርጋችሁ አሙቁትና አብሩት። ከዚያ በኋላም ካልሆነ አምጡልኝ።

መርዶን በፌስቡክ ማርዳት

ይሄኛውን እኔም አድርጌዋለሁ፣ ለዚህ ነው መጨረሻ ላይ ያመጣሁት።

በእኛ አገር ለሰው መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ይኬዳል። ሐዘንተኛዋ ስትወድቅ የሚይዛት፣ ውሃ የሚያቀርብላት ሰው መኖሩ አስቀድሞ ይታያል። ውጭ አገር ላለች ደግሞ እዚያ ያለ ዘመድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ ይፈለጋል፣ ቤቷ ድረስ ሄዶ እንዲነግራት። ይህን ሁሉ በአንድ ፖስት እናፈርሰዋለን።

አብሮ አደጌ የጣርማበርን ቁልቁለት ሲወርድ በመኪና አደጋ ሞተ። ልቤ ተሰብሮ ነበር፤ ፎቶውን ለጠፍኩና "ነፍስህን በገነት ያኑርልኝ ወንድሜ" ብዬ ጻፍኩ። ቤተሰቡ ገና ቤሩት ላለችው እህቱ ማን ይንገራት እያለ ይመክር ነበር። እሷ እኔ የለጠፍኩትን አየች። በሰው ቤት፣ ኩሽና ውስጥ፣ ብቻዋን። ደውላ "ወንድሜን አገናኙኝ" አለቻቸው። እናቷ ስልኩን ይዘው መናገር አቃታቸው። ፖስቱን ወዲያው አጠፋሁት፣ ግን ሰው ሼር አድርጎታል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ስትመጣ ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። አልተቆጣችኝም። "ካንተ ባላየው ከሌላ አየው ነበር" አለችኝ። "ግን ብቻዬን ነበርኩ።"

አሁን ሰው ሞተ ሲባል መጀመሪያ ቤተሰቡን እጠይቃለሁ። ውጭ ያለ አለ ወይ? ተነግሮታል ወይ? ገና ነው ካሉኝ ስልኬን ኪሴ እከትና ድንኳን ሊተክሉ ከሚሄዱት ጋር እሄዳለሁ።