ጤና መድህን እያለ ለኢንሱሊን ከኪስ የሚያስወጡ ስህተቶች

የስኳር ክትትል ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚወራው ስለ ምግብ ይመስላችኋል። አይደለም፤ ስለ ወረቀት ነው። ባሕር ዳር ውስጥ መዋጮ ከፍለው፣ የመድህን ደብተር ይዘው፣ ኢንሱሊን ግን ከኪሳቸው የሚገዙ ሰዎች በየሳምንቱ ያጋጥሙኛል። አንዳንዱ ጥፋት የእኛው የጤና ባለሙያዎቹ ቤት ነው፤ መድኃኒት ያልቃል፣ መልስ የሚሰጥ ይጠፋል። የቀረው ግን ሊቀር የሚችል ወጪ ነው።

"ሲያመኝ አሳድሳለሁ"

ይሄኛው ደሜን ያፈላዋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በየዓመቱ ይታደሳል። መዋጮ የሚሰበሰብበት ጊዜ አለው። በገጠር ብዙውን ጊዜ ከመኸር በኋላ ነው፤ በከተማ ቀበሌው ያስታውቃል። ጊዜው ካለፈ ደብተሩ ባዶ ወረቀት ነው። ሰው ግን "ዘንድሮ ደህና ነኝ" ብሎ ይተወዋል። ስኳር እኮ ነው! ጉንፋን መሰላችሁ እንዴ? ደህና የሆናችሁት መድኃኒቱን ስለወሰዳችሁ ነው።

የዚህ መድህን ሙከራ በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ፎገራ ነበር፤ ከተማው ወረታ ነው። እውነቴን ነው፣ ከወረታ በኩል የሚመጡት ታካሚዎች በዚህ ጉዳይ ከከተሜው ይሻላሉ። ስለለመዱት ይሆናል።

ሌላው ጣጣ የልጆች ዕድሜ ነው። 18 ዓመት የሞላው ልጅ በአባቱ ደብተር ዝም ብሎ አይቀጥልም፤ ተጨማሪ ተከፍሎለት መመዝገብ አለበት። ከዘጌ በጀልባ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አባት ነበሩ። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ኢንሱሊን ተወጊ ነው። "ሲስተር፣ ቤተሰቤ በሙሉ ገብቷል" አሉኝ። ደብተሩ ሲታይ የልጁ ስም የለም። ከቤቱ ሁሉ መድህኑ የሚያስፈልገው እሱ፣ የቀረውም እሱ። ቡና ሸጠው ያመጡት ገንዘብ ፋርማሲ ገባ።

መዋጮውን ጨርሶ መክፈል ለማይችል ሰው ደግሞ "የድሃ ድሃ" የሚባል መዝገብ አለ። መንግሥት ይከፍልለታል፤ መልመላው ቀበሌ ላይ ነው። ስሙ ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ግን መዝገቡ ከመዘጋቱ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ።

ጤና ጣቢያን ዘሎ ሆስፒታል መሄድ

ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ያለ ሪፈር ወረቀት ከሄዳችሁ ወጪው ወደ እናንተ ይዞራል። ድንገተኛ ሲሆን ሌላ ነገር ነው። ክትትል ላይ ያላችሁ ሰዎች ሪፈሩ እስከ መቼ እንደሚያገለግል የጻፈላችሁን ሰው ጠይቁት።

ሒሳቡን ሳይሠሩ ከመስኮቱ መነሳት

እዚህ ላይ ታገሡኝ፤ ቁጥር አለው። አንድ የኢንሱሊን ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት አለ። ስለዚህ ብልቃጡ 1000 ዩኒት ይይዛል። ጠዋት 26፣ ማታ 14 የምትወጉ ከሆነ በቀን 40 ነው። 1000 ለ40 ሲካፈል 25 ቀን። ቀጠሮው ግን በ30 ቀን ነው። የመጨረሻዎቹን 5 ቀናት ምን ልትወጉ ነው?

ሰው የሚያደርገውን ልንገራችሁ። ወይ ከውጭ ይገዛል፣ ወይ መጠኑን ይቀንሳል። የሚቀንሱት ይበዛሉ። ለእኛም አይነግሩንም። ምርመራው ሲመጣ ስኳሩ ከፍ ብሏል፤ ሐኪሙ ይጨምርበታል፤ ብልቃጡ ደግሞ ከበፊቱ ቀድሞ ያልቃል። መድኃኒት ሲሰጣችሁ እዚያው በስልካችሁ አካፍሉት። ካልበቃ በዚያችው ደቂቃ ተናገሩ።

መቀነስ ቁጠባ አይደለም። በተለይ ዓይነት አንድ የሚባለው ስኳር ያለበት ሰው ሰውነቱ ኢንሱሊን አያመርትም ማለት ይቻላል። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1921 ከመገኘቱ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ብዙም አይቆይም ነበር። ዛሬም ቢሆን ኢንሱሊኑ ከተቋረጠ ወይም ካነሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጥማት፣ ሽንት መብዛት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ይመጣል። ያኔ ሳትውሉ ሳታድሩ ድንገተኛ ክፍል ግቡ። አልጋ ይዞ መተኛት፣ የአስታማሚ ምግብ፣ የቀረ የሥራ ቀን ከብልቃጡ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ጸበል ለምትሄዱም ያው ነው፤ ሂዱ፣ ኢንሱሊናችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

የጎረቤት ብልቃጥ አትበደሩ። ጥርት ያለውና ደፍረስ የሚለው አንድ አይደሉም። ዩኒቱ እኩል ቢሆንም አንዱ ቶሎ ይሠራል፣ ሌላው ቀስ ይላል።

"ከውጭ ግዙ" ሲባሉ ዝም ብሎ መውጣት

መጀመሪያ ሌላ የመንግሥት ተቋም እንዳለው ጠይቁ። ቀጥሎ ከመድህኑ ጋር ውል ያለው መድኃኒት ቤት እንዳለ ጠይቁ። ማዘዣው ላይ መድኃኒቱ እንዳልተገኘ አስጽፉና ማኅተም አስመቱ። ገንዘቡ ይመለስልኛል ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት መድህን ጽሕፈት ቤቱን ምን ዓይነት ደረሰኝ እንደሚቀበል ጠይቁት። አንዲት እናት የብጣሽ ወረቀት ክምር ይዘው መጡ። ስም የለው፣ ማኅተም የለው። የሄዱበት ቢሮ እንኳን ሊከፍላቸው ቁጭ በሉም አላላቸውም።

ደግሞ ብልቃጡ በሚያልቅበት ቀን አትምጡ። ሳምንት ሲቀረው ኑ፤ ቢጠፋ እንኳ መፈለጊያ ጊዜ አላችሁ።

የግል ክሊኒክ የጻፈውን እንዳለ መቀበል

በግል ክሊኒክ ብዙ ጊዜ በፔን የሚወጋ አዲስ ዓይነት ኢንሱሊን ይታዘዛል። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን ውድ ነው፣ በመንግሥት ፋርማሲም ላታገኙት ትችላላችሁ። "በመድህን የማገኘውን ዓይነት ብወስድ ይሆናል?" ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ለብዙ ሰው ይሆናል። በራሳችሁ ግን አትቀይሩ፤ መጠኑም ሰዓቱም ይለያያል።

በነፃ ያገኙትን ማበላሸት

ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። ከፍሪጁ በረዶ ቤት አጠገብ አታስጠጉት፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አያገለግልም። የተከፈተውን ከሙቀት አርቃችሁ ለአራት ሳምንት ያህል ትጠቀሙበታላችሁ፤ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቀን እዩ። ፍሪጅ ከሌለ ትልቅ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሸክላ አስገቡ፣ መሃሉን እርጥብ አሸዋ ሙሉት፣ ጥላ ሥር አኑሩት። በሚያዝያ ሙቀት ይህ ዘዴ ብልቃጡን ያድናል። ሚኒባስ መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ወረታ ድረስ የሄደ ሰውም አይተናል።

ከውጭ አገር የተላከ የስኳር መለኪያ

ዘመድ ማሽን ልላክ ሲል በቅድሚያ ስትሪፑ፣ ማለትም የደም ጠብታ የሚነካበት ቁራጭ፣ ባሕር ዳር እንደሚገኝ አጣሩ። ስትሪፑ ከሌለ ማሽኑ ጌጥ ነው። ሌላም አለ። ከእንግሊዝ ወይም ከካናዳ የሚመጣው እኛ ከለመድነው በተለየ አሃድ ያነባል። እዚያ ላይ 10 ካለ እኛ ጋ 180 ማለት ነው፤ በ18 አባዙት። "12 ብቻ ሆነብኝ" ብለው፣ ስኳራቸው የወረደ መስሏቸው ደንግጠው ማር የላሱ እማማ ነበሩ።

መነጽር

መድህኑ አይሸፍነውም። ኢንሱሊን በጀመራችሁ ሰሞን ዓይን ብዥ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ስኳሩ ሲረጋጋ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ዓይናችሁን ተመርመሩ፤ መነጽሩን ግን ስኳሩ ሳይረጋጋ አትግዙ።