አንድ እጅ ነበር፤ የታሪክ ማስረጃ ሲመዝኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

(ዓመተ ምሕረቶቹና ወራቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ የከፋው ስህተት ምስክር መቁጠር ነው። አንድ ነገር አምስት መጻሕፍት ላይ ስለተገኘ አምስት ምስክር አለው ማለት አይደለም፤ አራቱ ከአንዱ ቀድተው ከሆነ ምስክሩ ያው አንዱ ነው። በ1983 «ሽተርን» የተባለው የጀርመን መጽሔት የሂትለርን የዕለት ማስታወሻ አገኘሁ ብሎ ዓለምን ጉድ አሰኘ። የእጅ ጽሑፍ መርማሪዎች ማስታወሻውን «የሂትለር ናቸው» ከተባሉ ሌሎች ወረቀቶች ጋር አስተያዩና የአንድ ሰው እጅ ነው አሉ። አልተሳሳቱም፣ አንድ እጅ ነበር! ለማነጻጸሪያ ከቀረቡት ውስጥም ማስታወሻውን በሐሰት የጻፈው የዚያው አስመሳይ የኮንራድ ኩያው ሥራዎች ነበሩበት። ጉዱ የወጣው ወረቀቱ ሲመረመር ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣ ማንጫ ኬሚካል ተገኘበት። ስለዚህ «ስንት ሰው ተናገረ?» ከማለትዎ በፊት «ከማን ሰሙ?» ብለው ይጠይቁ።

ሁለተኛው ስህተት በቦታው የነበረን ሰው እንደ ዳኛ ማየት ነው። የጥንቷ ግብፅ ንጉሥ ዳግማዊ ራምሴስ ቃዴሽ በተባለች ከተማ ከኬጢያውያን ጋር ሲዋጋ እዚያው ነበር፤ ብቻውን ጠላትን እንዳርበደበደም በቤተ መቅደሶች ግድግዳ አስቀርጿል። ይሁንና ከተማዋ ከጦርነቱ በኋላ በኬጢያውያን እጅ ቀረች። ታዲያ ጽሑፉ ይጣል? በፍጹም። ስለ ውጊያው ደካማ ማስረጃ ቢሆንም፣ ንጉሡ እንዴት መታየት ይፈልግ እንደነበር ከእሱ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። አንድ ሰነድ ለአንዱ ጥያቄ ውሸታም፣ ለሌላው እውነተኛ ሊሆን ይችላል።

ፎርጅድ ሰነድም እንዲሁ ነው። የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የምዕራቡን ሥልጣን ለሮማ ጳጳስ ሰጠበት የተባለውን ደብዳቤ ጣልያናዊው ምሁር ሎሬንዞ ቫላ በ1440 ያጋለጠው በቋንቋው ነው፤ የሮም ሹማምንት «ሳትራፕ» ተብለው ይጠሩበታል፣ ይህ ደግሞ የፋርስ ሹመት ነው። ደብዳቤው ስለ ቆስጠንጢኖስ ምንም አይነግረንም። በስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ እንዲህ ያለ ወረቀት የሚያስፈልገው ሰው እንደነበር ግን ይነግረናል።

በአንድ ቋንቋ ቅጂ ብቻ መፍረድም አደገኛ ነው። በ1889ኙ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 መሠረት፣ በአማርኛው ምኒልክ በጣልያን በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ ይችላሉ፤ በጣልያንኛው ግን ግዴታቸው ሆነ።

ቀንም ያሳስታል። የጥቅምቱ አብዮት የሚባለው በጎርጎርዮሳውያን ዘመን አቆጣጠር የፈነዳው ኅዳር 7 ቀን 1917 ነው፤ ሩሲያ ያኔ በጁልያን አቆጣጠር ጥቅምት 25 ላይ ነበረች።

ደግሞ ዝምታን «አልነበረም» ብለው አይተርጉሙት። የግብፅ ፓፒረስ (ከተክል የተሠራ የጥንት ወረቀት) የተረፈው በረሃው ደረቅ ስለሆነ ነው፤ በእርጥብ አገር የተጻፈው በስብሷል። መጻፍ ያልቻለው ብዙኃን ድምፅም አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰን በቀረጥ ሰብሳቢውና በፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ብዕር ነው።

በመጨረሻም፣ እኛ ዛሬ የምናውቀውን ለትናንት ሰው ማውረስ። በነሐሴ 1914 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመተው ወታደር ጦርነቱ አራት ዓመት እንደሚፈጅ አያውቅም ነበር። በ1915 ተጻፈ በተባለ ደብዳቤ ላይ «ይህ የአራት ዓመት ጦርነት» የሚል ካነበቡ፣ ወረቀቱን ወደ መርማሪ ይላኩት።