ከስፖርት በኋላ ታጥናችሁም ድካሙ አልለቅ ካለ

ሐዋሳ ታቦር ተራራን ጠዋት ወጥቼ ስወርድ እግሬ ይዝላል። ቤት ገብቼ ባሕር ዛፍና ናና አፍልቼ መታጠን እወዳለሁ፣ ሽታው ብቻውን ትንፋሼን ያረጋጋልኛል። አብረውኝ የሚሮጡ ልጆች ግን "እኛን እንጃ፣ ምንም አላየንበትም" ይሉኛል። ስጠይቃቸው አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ አጠቃቀሙ ላይ ነው።

ስትታጠኑ ራሳችሁን ካዞራችሁ
ይሄ እኔም ላይ ደርሷል። ከሩጫ እንደገባሁ፣ ላቤ ሳይደርቅ፣ ጠብታ ውሃ ሳልቀምስ፣ ጋቢ ተከናንቤ ድስቱ ላይ አጎነበስኩ። ትንሽ ሳልቆይ ጆሮዬ ጭው አለ፣ ግድግዳ ይዤ ነው የተቀመጥኩት። ሰውነት ከሩጫ በኋላ ሙቀቱን ገና እያስወጣ ነው። የቆዳ ደም ሥሮች ሰፍተዋል፣ ውሃም ጎድሏል። በዚያ ላይ እንፋሎት ሲጨመር ያዞራል። መጀመሪያ ውሃ ጠጡ፣ ጨው ያለው ምግብ ቅመሱ፣ ጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት ያህል ረፍት አድርጉ። ከዚያም ቢሆን መከናነብ አያስፈልግም፣ ቅጠሉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አጠገባችሁ ብታስቀምጡት ይበቃል። አስም ያለበት ሰው ይቅርበት፣ ሽታው ሊቀሰቅስበት ይችላል።

እግር የነከራችሁበት ውሃ ካቃጠላችሁ
በጠርሙስ የሚሸጠውን የባሕር ዛፍ ወይም የናና ዘይት ቀጥታ ውሃው ላይ ጠብ አድርጋችኋል ማለት ነው። ዘይት ከውሃ ጋር አይዋሃድም፣ ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ሳይቀጥን ቆዳችሁ ላይ ያርፋል። መጀመሪያ በምግብ ዘይት አቅጥኑት። ለመታሻ ከሆነ 30 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት ላይ 12 ጠብታ ያህል በቂ ነው፣ 2 በመቶ ማለት ነው። ክንዳችሁ ላይ ትንሽ ሞክራችሁ እስከ ማግስቱ ጠብቁ። መጠጣት ፈጽሞ አይሞከርም!

ጤና አዳምን ደግሞ ለቡናችሁ ተዉት። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ሊቋጥር ይችላል፣ የእኛን ከተማ ፀሐይ ታውቁታላችሁ።

ታሽታችሁም በማግስቱ ጡንቻችሁ ከታመመ
ያልለመዳችሁትን ስፖርት ከሠራችሁ ሕመሙ የሚብሰው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የናና ዘይት ውስጥ ያለው ሜንቶል ቅዝቃዜ የሚሰማቸውን ነርቮች ይነካል፣ ስለዚህ ቀለል ያለ ይመስላችኋል። ጡንቻውን ግን አይጠግንም። "ተሻለኝ" ብላችሁ ያን ቀን ዳገት አትውጡ። ሐይቁ ዳር ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ ደህና ብሉ፣ በጊዜ ተኙ።

እንቅልፍ እንቢ ካላችሁ
ናናና የጥብስ ቅጠል ብዙ ሰው ያነቃሉ፣ ጠዋት ተጠቀሙባቸው። ለማታ የላቬንደር አበባ ዘይት ይሻላል፣ ትራስ አጠገብ ጨርቅ ላይ አንድ ጠብታ።

ሽንታችሁ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ጡንቻችሁ አብጦ አልታዘዝ ካለ ግን ቅጠሉንም ዘይቱንም ተዉትና በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል።