ተራራ ላይ የሀሪኬን ነፋስ ሞዴል ስትሰሩ ከነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ተራራማ ቦታ ላይ ሀሪኬን (ከባድ አውሎ ነፋስ) ሲመታ አንዱ ሸለቆ ዛፉ ሁሉ ተገንድሶ ማዶ ያለው ብዙም ሳይነካ ይተርፋል። ይሄን በጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ መተንተኛ) ለማስላት የምትሞክሩ ሰዎች እዛው ቦታ ላይ ስትሳሳቱ ደጋግሜ ስላየሁ ነው የምጽፈው፣ ምሳሌዬን ከካሪቢያኗ ደሴት ከፖርቶ ሪኮ ልውሰድ።

ትልቁ ስህተት አንድ የነፋስ አቅጣጫ ይዞ መጨረስ ነው። ሀሪኬን ይሽከረከራል፣ ዓይኑ (መሀሉ) ባጠገባችሁ ሲያልፍ ነፋሱ አቅጣጫ እየቀየረ ነው የሚመታችሁ። በ1989 ሁጎ የተባለው ሀሪኬን የደሴቷን ሰሜን ምስራቅ ጥግ ሲነካ የሉኪዮ ተራሮች ከመንገዱ በስተግራ ስለቀሩ ኃይለኛው ነፋስ ከሰሜን መጣ፣ ደኑም በጣም የተጎዳው ወደ ሰሜን በሚያየው ዳገት ላይ ነው። በሴፕቴምበር 20 ቀን 2017 ግን ሀሪኬን ማሪያ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ነፋስ በያቡኮዋ በኩል ስትገባ እነዚሁ ተራሮች በስተቀኝ ሆኑ፣ ነፋሱ ከሰሜን ምስራቅ ጀምሮ ወደ ምስራቅ ከዛ ወደ ደቡብ ምስራቅ ዞረ። በሁጎ ጊዜ ከለላ የነበረ ዳገት በማሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ሊጋፈጥ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ የማዕበሉን መንገድ ይዛችሁ በየሰዓቱ አቅጣጫውንም ጉልበቱንም አስሉ። እንደ ማዳጋስካር ከምድር ወገብ በስተደቡብ ከሆነ ደግሞ ሽክርክሩ እንደሚገለበጥ እንዳትረሱ።

ሌላው፣ የሰሜን ነፋስ ማለት ከሰሜን የሚመጣ ነው፣ ወደ ሰሜን የሚሄድ አይደለም። ይሄ ከተምታታ ካርታው በሙሉ በ180 ዲግሪ ይገለበጣል፣ ሲያዩት ግን ያምራል፣ ማንም አይነቃበትም።

ከለላው ላይ ደግሞ ቀላሉ ሞዴል ነፋሱ ጋራውን ካለፈ በኋላ ወደታች የሚወርደው በተወሰነ አንግል ብቻ ነው ብሎ ይነሳል፣ ብዙ ጊዜ 6 ዲግሪ ይወሰዳል። ከጀርባው ካለው መሬት 300 ሜትር ከፍ ያለ ጋራ በ6 ዲግሪ ወደ 2.9 ኪሎ ሜትር ይከልላል፣ በ10 ዲግሪ ግን 1.7 ብቻ፣ ልዩነቱን እዩት እንግዲህ! አንዱን ቁጥር ዝም ብላችሁ አትገልብጡ፣ በተለያየ አንግል ሞክሩና ውጤቱ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ አሳዩ። ሂልሼድ (ከከፍታ ዳታ ብርሃንና ጥላ የሚያሰላውን መሳሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነ ጥላ የሚያሰላውን አማራጭ አብሩ፣ ካልበራ የዛችን ፒክስል (የካርታውን አንዲት ነጥብ) ዳገት ብቻ ነው የሚያየው፣ ከፊቷ የቆመውን ተራራ አያውቀውም።

የከፍታ ዳታውንም በጥናት ቦታችሁ ድንበር ልክ አትቁረጡት፣ ከድንበሩ ውጪ ሆኖ የሚከልላችሁ ጋራ ይጠፋል፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ትርፍ ተዉለት።

ሰው ሁሉ ከለላ ከለላ ሲል የሚረሳው ደግሞ ጫፉና በሩ ነው። ነፋስ ጋራ ጫፍ ላይና በሁለት ተራራ መሀል ባለ በር ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ደግሞ በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ ፍጥነቱ በ30 በመቶ ቢጨምር ግፊቱ ወደ 70 በመቶ ይጨምራል። የ1 ደቂቃ አማካይ የነፋስ ፍጥነትን ከ10 ደቂቃው አማካይ ጋር መቀላቀልም ያው ስህተት ነው፣ መጀመሪያ ወደ አንድ አምጧቸው።

ሞዴሉን በሳተላይት ምስል ስታረጋግጡ የናዳውን ቦታ ለዩት። ማሪያ ከ40,000 በላይ የመሬት ናዳ አስነስታለች፣ ያ የዝናብ ስራ ነው፣ ከላይ ሲታይ ግን ነፋስ የገፈፈው ይመስላል።