ጓንዡ ለሚሄድ ነጋዴ የሚበቃ ቻይንኛ

ዕቃ ልታመጡ ጓንዡ ወይም ዪዉ የምትሄዱ ከሆነ ቻይንኛ አቀላጥፋችሁ መናገር አይጠበቅባችሁም። ዋጋውን ግን በራሳችሁ ጆሮ ስሙት። አስተርጓሚ አይጠፋም፣ ታማኝ የሆነም ሞልቷል፤ ነገር ግን አንዳንዱ ከሻጩ ኮሚሽን ይቀበላል፣ ያ ኮሚሽን ደግሞ ዋጋው ላይ ተጨምሮ ከናንተው ኪስ ነው የሚወጣው።

ስለዚህ ከሰላምታም በፊት ቁጥር አጥኑ። ዪ፣ አር፣ ሳን፣ ስ፣ ዉ፣ ሊዩ፣ ቺ፣ ባ፣ ጂዩ፣ ሽ። በቃ፣ እስከ አስር ይኸው ነው። 14 «ሽ ስ» ይባላል፣ 40 ደግሞ «ስ ሽ»። ጣጣው እዚህ ጋ ነው፤ ደቡብ ቻይና ውስጥ ብዙ ሰው «ሽ»ን «ስ» እያደረገ ስለሚናገር ሁለቱን የሚለያቸው የድምፁ አወጣጥ ብቻ ይሆናል፦ አራት ሲሉ ድምፃቸው ወደ ታች ይወርዳል፣ አስር ሲሉ ወደ ላይ ይወጣል። ይሄ ከወረቀት አይለመድም። ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ታክሲ ውስጥም ቢሆን ደጋግማችሁ አዳምጡት፤ እዚያ ደርሳችሁ ከተጠራጠራችሁ ደግሞ ካልኩሌተር ላይ አስጽፉ።

«ዋን» የሚለውንም ያዙ። ቻይናዎች ትልቅ ቁጥር የሚቆጥሩት በሺህ ሳይሆን በአስር ሺህ ነው፤ «ሳን ዋን» ካሏችሁ 30,000 ማለት ነው። ቀብድ ስትነጋገሩ ይሄን ብትስቱ ጉዳቱ ከባድ ነው። በጣትም ተጠንቀቁ፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ዘርግተው ሲያሳዩዋችሁ ሁለት እንዳይመስላችሁ፣ ስምንት ነው።

ቀጥሎ የራሳችሁን ሸቀጥ ቃላት። ጫማ የምታመጡ ከሆነ ሶል፣ ቆዳ፣ ቁጥር፣ ቀለም፣ ካርቶን፤ ሌላው ይቆይ። «ዱዎ ሻዎ ቺየን» ስንት ነው፣ «ታይ ጉዪ ለ» ተወደደ፣ «ቺ ዲንግ ሊያንግ» ደግሞ ቢያንስ ስንት ማዘዝ እንዳለባችሁ መጠየቂያ ነው። በነዚህ ብቻ እንኳ ሻጩ ለገበያው አዲስ እንዳልሆናችሁ ይገባዋል፣ የመጀመሪያው ዋጋም ብዙ ጊዜ ሌላ ይሆናል።

በቃል የተስማማችሁትን ሁሉ ከሱቁ ሳትወጡ በዊቻት፣ ማለትም ቻይናዎች በሚጠቀሙበት የስልክ መልእክት መላላኪያ፣ ጻፉላቸው። መተርጎሚያ አለው፤ ብቻ ዓረፍተ ነገራችሁ አጭር ይሁን፣ በአንድ መልእክት አንድ ጉዳይ። «ጥቁር፣ 40 ቁጥር፣ 200 ጥንድ፣ ቆዳው እንደ ናሙናው» ብላችሁ የናሙናውን ፎቶ አያይዙ። በኋላ ጭቅጭቅ ቢነሳ የምታሳዩት ማስረጃ ይሄ ነው። ውል ስትፈርሙ ግን በስልክ ትርጉም አትመኑ፣ ከሻጩ ጋር ንክኪ ለሌለው ተርጓሚ ከፍላችሁ አስነብቡት።

በክፍል ውስጥ መማር ለምትፈልጉ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት አለ። ጓንዡ ውስጥ የሚካሄደው ትልቁ የንግድ ትርኢት፣ የካንቶን ትርኢት፣ በዓመት ሁለቴ፣ በኛ ሚያዝያና ጥቅምት ላይ ይከፈታል። ለጥቅምቱ ካሰባችሁ ክረምቱ ሲገባ ጀምሩ፤ ቁጥሩንና የሸቀጣችሁን ቃላት ለመያዝ ይበቃችኋል።